ከአራተኛው ምሰሶ ሥር

በባሕር ዳሯ መንደር በኔዱምቱራ አንዲትን ሴት «ይህን ሁሉ ዛጎል ከየት ለቀምሽው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ነውሩን የደፈረ ሰውም መልሱን ቀድሞ ያውቀዋል። «ከማዶ» ትለዋለች፤ እጇን እንኳ ሳታነሣ በአገጯ ወንዙን አሻግራ ታሳየዋለች። ማዶ የኮኮናት ልጣጭ ለገመድ ሥራ የሚዘፈዘፍበት አሮጌ ኩሬ ነው። ጭቃው ጥቁር ነው፤ ነፋስ በዞረ ቁጥር ሽታው ምሳ ያስጥላል። የመንደሩ ሴቶች ሥጋው ለምግብ የወጣለትን ባዶ የዛጎል ቅርፊት የሚደፉትም እዚያው ነው።

ሱሎቻና ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አርባ ስድስቱን ዓመት ከማዶ ስትለቅም ኖራለች። ለመልቀም ብላ ግን አንድም ቀን ማዶን ረግጣ አታውቅም።

የምትለቅመው ከድልድዩ ሥር ነው። ድልድዩ ከእናቷ የሠርግ ዓመት ጀምሮ ወንዙ ከባሕሩ በሚገናኝበት አፍ ላይ ቆሟል። ኮንክሪቱን ጨው እየቀረፈው ፌሮው እንደ በሽተኛ የጎድን አጥንት ወጥቷል። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር የዝገት ቅንጣት ውሃው ላይ ይረግፋል፤ ቀይ ካፊያ ይመስላል። ከዚያ ካፊያ ሥር፣ ምሰሶዎቹ የማዕበሉን ጉልበት በሚሰብሩበት ጸጥታ ውስጥ፣ ዛጎሎቹ አሸዋ ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ገርበብ አድርገው ይኖራሉ።

ሱሎቻና በእጇ አትፈልግም። ባሕሩ ሲሸሽ እስከ ደረቷ ትገባለች፤ የአሉሚኒየም ድስቷ በገመድ ከወገቧ ታስሮ ከኋላዋ ይንሳፈፋል፤ ፍለጋው የእግሯ ነው። የእግሯ ጣቶች ጠጠሩን ከዛጎል፣ የሞተውን ከሕያው፣ ለጋውን ከደረሰው ይለያሉ። የደረሰውን በሁለት ጣት ቆንጥጣ ወደ ጉልበቷ ታነሣለች፤ እጇ ይቀበላል፤ ድስቱ ቃ ይላል። ለጋውን መልሳ አሸዋ ታለብሰዋለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ፊቷን ያየ ሰው ስለ ሌላ ነገር የምታስብ ይመስለዋል።

ቦታውን ያሳየቻት እናቷ ናት፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ። «የቤተ ክርስቲያኑ መስቀል ከአራተኛው ምሰሶ ጀርባ እስኪደበቅ ሂጂ። ከዚያ የበረዶ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ከጎባጣው ኮኮናት ጋር ሲገጥም ቁሚ» አለቻት። ሱሎቻና ቆመች። ከእግሯ ሥር ምድሩ የሚተነፍስ መሰላት። እናቷ ጆሮዋን ቆንጥጣ «ለባልሽም ቢሆን እንዳትነግሪ» አለቻት፤ ባል የሚባል ነገር ገና በሐሳቧ ሳይኖር። አልነገረችም። ባሏ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ፣ ዛጎል ከሚራባበት መደብ፣ የወጣው በኮኮናት ተጠብሶ ሲቀርብለት በልቶ፣ ከማዶ እንደ መጣ አምኖ ሞተ።

ከድልድዩ ሥር የምትለቅም እሷ ብቻ አልነበረችም። ጎረቤቷ ራጃማም አለች፤ በሁለት ዓመት ስለምትበልጣት «ቼቺ» ትላታለች፣ ታላቅ እህቴ እንደ ማለት። ሌሎችም አሉ። ጎሕ ሲቀድ ከድልድዩ ሥር ሲገናኙ አንዷ ለሌላዋ ጀርባዋን ትሰጣለች። ሰላምታ የለም። አይቶ አለማየት የእነሱ ጨዋነት ነው። ቀትር ላይ ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዱ ራጃማ «ዛሬስ ቀናሽ?» ትላታለች። «ማዶ ምን ይጠፋል ብለሽ» ትላለች ሱሎቻና፤ ሁለቱም በቁም ነገር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ድልድዩን የሚያጠኑ ሰዎች የመጡት በዝናቡ ወራት ነው፤ ሁለት ወንዶችና ኒራንጃና የምትባል ከከተማ የመጣች ወጣት። ሱሎቻና ደጇ ላይ ዛጎል ስትፈለፍል ነበር።

«እንደምን አደሩ እማማ? ድልድዩ ሊታደስ ነው» አለች ልጅቷ፣ ጫማዋን ከጭቃው እየነቀለች።

«ይታደሳ። እኔ ያዝኩት?»

ልጅቷ ሳቀች። «ከመታደሱ በፊት ሥራው ምን ምን እንደሚጎዳ መዝግበን ማቅረብ አለብን። ውሃውን፣ ዓሣውን፣ ዛጎሉን። የት ነው የሚለቅሙት?»

ሱሎቻና ቢላዋዋን አቆመች። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊትም እንዲሁ ባለ ሦስት እግር የመለኪያ መሣሪያ ተሸክመው የመጡ ሰዎች ነበሩ። የባሏ ወንድም ሳዳናንዳን የዋህ ነበር፤ ከላይኛው የወንዝ መታጠፊያ ያለውን የዛጎል መደቡን በጣቱ አሳያቸው። በወሩ አሸዋ መጣጭ ማሽን መጣ። አሸዋውንም ዛጎሉንም አብሮ ጠጣው። ሳዳናንዳን ይኸው እስከ ዛሬ በሰው ጀልባ ላይ የሰው መረብ ይጎትታል። እነዚያም ሲጠይቁ እንዲሁ ይስቁ ነበር።

«ከማዶ» አለች።

«ከማዶ ብቻ? ከድልድዩ ሥርስ?»

«ከድልድዩ ሥር ዝገት ነው ያለው። ዝገት ትበያለሽ አንቺ?»

ልጅቷ ጻፈች፤ አስፈረመቻት። ከዚያ ራጃማ ደጅ ሄደች። ሱሎቻና ጆሮዋን አቁማ ሰማች፦ «ከማዶ ነዋ!»

ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የጥናቱ ረቂቅ በመንደሩ ምክር ቤት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሱሎቻና ለሌላ ጉዳይ ሄዳ ነው ያየችው። ካርታው ያምር ነበር፤ ወንዙ ሰማያዊ፣ ድልድዩ ቀጭን ጥቁር መስመር። ማዶ፣ የሚገማው ኩሬ ላይ፣ ትልቅ አረንጓዴ ክብ ተሥሏል። ጠጋ ብላ አነበበች፦ «ሠላሳ አንድ ነዋሪዎች ያረጋገጡት ዋና የዛጎል መደብ። ብዛት ያለው ቅርፊት በናሙና ተገኝቷል። ሕያው ዛጎሉ በዝናቡ ውሃ ለጊዜው ቢሳሳም ሊያገግም ይችላል። ጥብቅ ጥበቃ ይደረግለት።»

የሳቀችበትን ጊዜ ስታስታውስ እስከ ዛሬ ታፍራለች። አርባ ዓመት የደፉት ባዶ ቅርፊት ዘበኛ ሊቆምለት ነው! ከዚያ ዓይኗ ወደ ድልድዩ ወረደ፤ ሳቋም እዚያው ቀረ። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ምሰሶ በቀይ ተሰምሯል። «ሕያው መደብ የለም። ክሬን የጫነው ጠፍጣፋ ጀልባ መልሕቁን እዚህ ይጥላል፤ የፈረሰው ኮንክሪት እዚህ ይራገፋል።»

ማንም አልነጠቃትም፤ ራሷ ፈርማ ሰጥታ ነበር።

በቀጥታ ራጃማ ዘንድ ሄደች።

«ቼቺ፣ በረቂቁ ላይ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ ሐሙስ ነው። ተነሥተን እውነቱን እንናገር።»

«የምን እውነት?»

«ከድልድዩ ሥር እንደምንለቅም።»

ራጃማ ኮኮናት መፋቋን ሳታቆም «እኔ ከማዶ ነው የምለቅመው» አለች።

«ቼቺ! ሠላሳ ዓመት ጀርባሽን አይቻለሁ እኮ!»

«የሰው ጀርባ ታያለሽ? ነውረኛ!» ራጃማ አሁን ቀና አለች፤ ዓይኗ ጠበበ። «ምን ሰጡሽ?»

«እነማን?»

«የመንገድ ሥራ ሰዎቹ ናቸዋ። ‹አንቺ ተነሺና ለፍልፊ፣ ሌሎቹ ተከትለውሽ ቦታቸውን ይዘረግፋሉ› አሉሽ አይደል? ሳዳናንዳንን ያሞኙት እንዲህ ነው። ሂጂ፣ የራስሽን ጉድ ራስሽ አውሪ።»

ሱሎቻና ወደ ቤቷ ስትመለስ መንደሩ ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ የሚያያት መሰላት። ክፋቱ ደግሞ፣ ራጃማ ቀድማ ይህንኑ ሐሳብ ይዛ ብትመጣባት ኖሮ እሷም ያንኑ ትላት ነበር።

ሐሙስ ከረፋዱ ላይ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ሰብሳቢው ከአውራጃው የመጡ መነጽር ያደረጉ ሹም ነበሩ፤ ኒራንጃና ካርታውን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። «አስተያየት ያለው?» ሲባል ሱሎቻና ተነሣች።

«ካርታው ልክ አይደለም» አለች። «ማዶ ምንም የለም። ዛጎሉ ከድልድዩ ሥር ነው።»

ሹሙ ወረቀት አገላበጡ። «ሠላሳ አንድ ሰው ማዶ ብሏል። ሱሎቻና... እርስዎም አሉበት። ፊርማዎ ይኸው።»

«ዋሽቼ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሹሙ ግን አልሳቁም። «ሌላ የዋሸ አለ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሠላሳ ሰው ወለል ወለሉን አየ። ራጃማ የሳሪዋን ጫፍ ጠቅልላ ትፈታለች፣ ፈትታ ትጠቀልላለች።

«እንግዲህ እማማ፣ ሠላሳ ለአንድ ነው» አሉ ሹሙ። «ሥራው በአንድ ሰው ቃል አይቆምም።»

ያን ጊዜ ኒራንጃና ብድግ አለች። ፊቷ ቀልቷል። «ውሃው የሚሸሸው መቼ ነው?» አለቻት።

ሱሎቻና በመስኮቱ አላየችም፤ ማየት አላስፈለጋትም። «አሁን እየሸሸ ነው።»

ከአዳራሹ የወጣው ሕዝብ ድልድዩ ላይ ተደርድሮ አጥሩን ተደገፈ። ሱሎቻና ልጅቷን ይዛ ወደ ውሃው ወረደች። በጀርባዋ ያን ሁሉ ዓይን ተሸክማ ነበር፤ መስቀሉን ቀና ብላ ብታይ ሁሉም መስቀሉን ሊያይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የማይመለከታትን፣ ለመርከቦች የሚያበራውን ማማ ትኩር ብላ አየች፤ ከዚያ አንድ ቀይ ጣሪያ። ከላይ አንዱ «ማማው ነው! ከማማው ጋር ነው የምታስተካክለው!» ሲል ሰማች፤ በሆዷ ሳቀች። ምልክቶቿን በዓይኗ ጥግ ብቻ ሰርቃ እያየች፣ መስቀሉ ተደበቀ፣ ጭስ ማውጫው ገጠመ፣ ቆመች።

«ጫማሽን አውልቂ» አለቻት።

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ በገመዱ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። እግሯን አሳረፈች፤ ወዲያው የሱሎቻናን ክንድ ጨብጣ ያዘች።

«እማማ! መሬቱ... ሕያው ነው!»

«ምን መስሎሽ ነበር?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጇን ሰደደች። አንድ እፍኝ ዛጎል ይዛ ወጣች፤ ቡናማ፣ እርጥብ፣ ቅርፊታቸውን ገጥመው የሚዘጉ። ይዛው የመጣችውን ባለ አራት ማዕዘን የመቁጠሪያ ብረት አሸዋው ላይ አስቀምጣ በውስጡ ያለውን በእጇ እየዳሰሰች ቆጠረች። አርባ ሦስት። እንደገና ቆጠረች፤ አርባ ሰባት። ጽፋ ስትጨርስ ድምጿ ዝቅ አለ። «አንድ ቦታ ብቻ ነው እማማ። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ‹ትንሽ ነው› ብለው ያልፉታል።»

ሱሎቻና ወደ ላይ አየች። ማንም አልተነቃነቀም። በቃ፣ የእናቷን ቦታ ለመንደር ሁሉ ገልጣ፣ ያውም በከንቱ!

ከዳር በኩል ውሃ ተንቦጫረቀ። ራጃማ ናት። ድስቷ ከወገቧ ታስሯል፤ መቼ ሮጣ እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ። ማንንም ሳታይ አምስተኛውን ምሰሶ ዞራ ሄደች፤ ቆመች፤ ጀርባዋን ሰጠች። ከእሷ በኋላ ሌላዋ ገባች። ቀጥሎ ሁለት። እያንዳንዷ የየራሷ ቦታ ደርሳ ትቆምና ጀርባዋን ትሰጣለች። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ምሰሶ፣ ቀይ በተሰመረበት ውሃ ውስጥ ሁሉ፣ ሠላሳ አንድ ሰው እስከ ደረቱ ገብቶ ማንም ማንንም ሳያይ ቆመ። ኮንክሪቱ ላይ ያለው ዝገት ፀጉራቸው ላይ ረገፈ። ኒራንጃና እርሳሷን አንሥታ በሰዎቹ ልክ ነጥብ ነጥብ ታደርግ ጀመር፤ ካርታው ራሱ ተነሥቶ ውሃው ውስጥ የቆመላት ይመስል።

«መዝግቢው!» አሉ ሹሙ ከድልድዩ ላይ። «ጀልባው ወደ ማዶ ይዞራል፤ ፍርስራሹም በመኪና ይወጣል። ማዶስ እርግጠኛ ናችሁ? ምንም የለም?»

«ማዶማ ቁራ እንኳ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፍ!» አለች ራጃማ፣ ፊቷን ሳታዞር። ውሃው ውስጥ ያለውም ድልድዩ ላይ ያለውም ሳቀ።

ሱሎቻና ግን ቶሎ አልሳቀችም። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዘንግ በእናቷ ቦታ ላይ ሲተከል አየች። ‹አትንኩ› የሚል ምልክት ነው ብለዋታል። ‹እዚህ ነው› የሚል ምልክትም ያው እሱው ነው። ነገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እናቷ ብትኖር ጆሮዋን ትነቅለው ነበር።

ወደ ዳር ሲመለሱ፣ ከሦስተኛው ምሰሶ ወዲህ፣ ውሃው እስከ ጉልበት ብቻ በሆነበት ኒራንጃና ቆም አለች። «እማማ፣ መደቡ እዚያ ያበቃል? ወይስ ወዲህም አለ?»

«የለም» አለች ሱሎቻና ወዲያው። «ወዲህ ያለው ባዶ ነው።»

ልጅቷ ወደ ታች አየች። ውሃው ጠርቷል። የሱሎቻና የቀኝ እግር ጣቶች በልማዳቸው አሸዋው ውስጥ እየዳሰሱ፣ አንድ የደረሰ ዛጎል ቆንጥጠው ይዘው ነበር። ሱሎቻና ልጅቷ እንዳየች ገባትና እግሯን ቀስ ብላ ከሌላው እግሯ ጀርባ ደበቀችው።

ኒራንጃና አልጻፈችም። ዘንግ ወደ ያዘው ባልደረባዋ ዞረች። «የመጨረሻውን ዘንግ እዚህ ትከለው። ሃያ ሜትር ጨምር።»

«ወዲህ ምንም የለም አሉ አይደል እንዴ?»

«ለጥንቃቄ ነው» አለች፤ ጫማዋን ከአንገቷ እያወረደች።

ሱሎቻና እስከ ቤቷ ድረስ ፊቷን አጨፍግጋ ሄደች። ይቺ ልጅ አይታ እንዳላየች የሆነችው ምን ፈልጋ ነው?