ባሌ ሞደም የቀየረ ዕለት

ባሌ ሁለት ዲግሪ አለው፤ ሲሳሳት ሁለቱንም ይጠቀምባቸዋል። እየወደድኩት ነው የምለው። ኔትወርክ ሊያስተምር ከጎጃም ሶዶ ተመድቦ መጥቶ፣ እኔን የወላይታዋን አስተማሪ አገባ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የእሱ ነው፤ የእኔ ድርሻ አቧራውን መጥረግ ነው።

የማስተርስ ጥናቴን ፈታኞች ፊት የምከላከልበት የዲፌንስ ቀን ደረሰ። በኦንላይን ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ከክፍል መልስ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው። ፈታኞቹ ፊቴ ካልታየ ዲፌንሱ እንደማይያዝልኝ አስቀድመው ነግረውኛል። የስልክ ዳታ ደግሞ እኛ ሰፈር ድምፅ እንጂ ምስል አያደርስም። ያለኝ ተስፋ የቤታችን የፋይበር ኢንተርኔት ብቻ ነበር።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባሌ፣ የኢንተርኔት ድርጅቱ የሰጠን ሞደም ዋይፋዩ እስከ መኝታ ቤት አይደርስም ብሎ ተነሳ። ለካ ባለ አራት አንቴና ራውተር ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ኖሯል። ዛሬ ባይሆንስ አልኩት። አምስት ደቂቃ ነው አለኝ። የእሱን አምስት ደቂቃ የሚያምን የማያውቀው ሰው ብቻ ነው፤ እኔ ግን እያወቅኩት አመንኩ፣ ሞኝ!

አዲሱ ራውተር የመስመሩን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጠየቀ። ባሌ የለውም። ከአሮጌው ሞደም አወጣዋለሁ ብሎ ሲታገል ቆይቶ አልሆን ሲለው፣ ከኋላ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በስቴኪኒ ወጋት። ሞደሙ የሚያውቀውን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ረሳ። አሁን አሮጌውም አዲሱም አይሠሩም፤ ባሌም ላብ በላብ ሆነ።

የድርጅቱን ቴክኒሻን ጥራ አልኩት። ሽቦውን መነካካት ቀጠለ። ደግሜ ስጨቀጭቀው አወጣው፦ የሰፈራችንን መስመር የሚያየው ቴክኒሻን የገዛ የቀድሞ ተማሪው ነው፤ ያውም ውጤቱን ሲ የሰጠው። እንዴት ያለ ንዴት ያዘኝ መሰላችሁ!

"ኩራትህን ያዝ፤ የእኔን ሁለት ዓመት ግን መልስልኝ" አልኩት።

ደወለ።

ቴክኒሻኑ ለሥራ ከሄደበት ከጉኑኖ ከተማ በሞተር መጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። በር ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ አስተማሪውን ሰላም አለና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ፤ ምን ነካችሁት ብሎ እንኳን አልጠየቀም። ቢሮ ደውሎ አዲስ የይለፍ ቃል አስወጣ፤ የድርጅቱ ሞደም መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ አድርጎ፣ የቀረውን ሥራ ለአዲሱ ራውተር ሰጠው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ቀና አለ።

"ቲቸር፣ ሳይመዘግቡ ሪሴት አይደረግም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት" አለ በትህትና። "ፈተና ላይ እሷን ስቼ ነው ሲ ያገኘሁት።"

ባሌ የሚገባበት ጠፋው። እኔ ሳቄን ላፍን ጓዳ ገባሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ መኝታ ቤት በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ፈታኞቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ አፋጠጡኝ። ስወጣ ባሌ ምሳውን ሳይበላ፣ ኢንተርኔቱን እንዳይሻማኝ ስልኩን አጥፍቶ፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ተቆራርጦብሽ ነበር ወይ አለኝ። አንድም ጊዜ አልተቆራረጠም አልኩት። እፎይ አለ። አለፍሽ ወይ አለማለቱ ከነከነኝና፣ አልፌያለሁ እኮ አልኩት።

"እሱንማ ጠዋትም አውቃለሁ" አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "የፈራሁት እኔ እንዳልጥልሽ ነው።"