ስክሪኑ መጠበቅ የቻለ ዕለት

ፈረስ መጋላ አደባባይ ወዳለው የመርየም ካፌ ጠዋት ጠዋት አንዲት ሴት ትመጣለች። ሐምራዊ ሻሽ ታስራለች፤ በብርድ ልብስ የጠቀለለችውን ትልቅ ስክሪን ከባጃጅ አውርዳ ከላፕቶፗ ጋር ታገናኘዋለች። እኛ የካፌው ደንበኞች ስምንት ወር ሙሉ ስክሪኑ ላይ አንድ ነጭ ኳስ ስታንከባልል አየናት። ኳሱ መሃል ላይ ሲደርስ ለሁለት ይቆረጣል፤ እሷም "አስተግፊሩላህ" ብላ ፕሮግራሟን እንደገና መጻፍ ትጀምራለች።

ትናንት ድንገት ብድግ ብላ እልል አለች። ሻያችን ተደፋ።

"ምን ተገኘ ልጄ?" አሉ የአቦከር ሰፈሩ ጡረተኛ ጋሽ ኪዳነወልድ።

"ኑ ይዩ አባባ! ድሮ ስክሪኑ በራሱ ፍጥነት ስለሚሮጥ ምስሉ ይቆረጥ ነበር። አሁን ምስሉ እስኪደርስ ይጠብቃል! ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም የሚጠቀም ሁሉ በነፃ ያገኘዋል!"

ጋሽ ኪዳነወልድ መነጽራቸውን ጠርገው ኳሱ ላይ አፈጠጡ።

"እኔ እንኳ የተለየ ነገር አይታየኝም።"

"አልሐምዱሊላህ! ምንም እንዳይታይ ነው እኮ የደከምኩት!"

ካፌው በሳቅ ፈነዳ። እየዞረች ጨበጠችን፤ የሁላችንንም ስም አንድ በአንድ ጠየቀች። ስክሪኗን ታቅፋ ባጃጅ ውስጥ ገብታ ከሄደች በኋላ ነው የእሷን ስም ማናችንም እንዳልጠየቅን የገባን።