የቆመው ፓምፕ ትንፋሽ

አለልኝ ያንን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በየካቲት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከመስኮቱ ውጭ የበረዶ መጥረጊያ መኪና እያጓራ ሲያልፍ ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ የሁለተኛውን ፓምፕ መስመር ሊከፍት ሲል ጣቱ ስቶ ሦስተኛውን ነካ። ሦስተኛው ፓምፕ ከቆመ ስምንት ቀኑ ነበር። ምንም መሰማት አልነበረበትም። አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ሆ…» ብሎ ያወጣና ይቆማል፤ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ ያህል። ከዚያ መልሶ ወደ ውስጥ ይስባል። በመካከሉ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ብረት ብረትን ይመታል። ሦስት ጊዜ።

ማዳመጫውን አውልቆ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። የሚሠራበት ቤት አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት አጠገብ ያለ ዝቅ ያለ የጡብ ሕንፃ ነው። ስድስት ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን የሞሉ ስክሪኖች፣ አንድ ማይክሮዌቭ። ፓምፑ ያለው ግን ካሪቢያን ባሕር ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ደሴት፣ የባሕር ውኃ ከጨው ተለይቶ ለመጠጥ በሚዘጋጅበት ጣቢያ ውስጥ ነው። የባሕርን ውኃ እንደ ወረቀት በሳሳ ማጣሪያ አስገድዶ ለማሳለፍ ብርቱ ግፊት ያስፈልጋል፤ ግፊቱ ደግሞ መብራት ይበላል። ስለዚህ በየፓምፑና በየቧንቧው ላይ ሙቀት፣ ንዝረትና ግፊት የሚለኩ ሴንሰሮች ተገጥመዋል። የለኩትን ኒው ሆፕ ድረስ ይልካሉ፤ ኮምፒውተሩ መብራት የት እንደሚባክን አጣርቶ ያወጣል። የአለልኝ ሥራ የወጣውን አይቶ ለደሴቲቱ ሰዎች መደወል ነው። ንዝረቱን ወደ ድምፅ ቀይሮ ማዳመጥ የሥራው ደንብ አልነበረም። እሱ ብቻ ነው እንዲያ የሚያደርገው።

ልማዱ ከወጣትነቱ ጀምሮ አብሮት የመጣ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ አዋሽ ዳር በአንድ ስኳር ፋብሪካ የውኃ ፓምፕ ኦፕሬተር ሆኖ ሲቀጠር፣ ኃይለማርያም የሚባሉ አዛውንት መካኒክ ማዳመጥን አስተማሩት። የቀጭን ብረት አንዱን ጫፍ ከፓምፑ ላይ፣ ሌላውን ከጆሮው ሥር ያስደግፉለትና «ምን ይላል?» ይሉታል። በሦስተኛው ዓመቱ ከአንድ ፓምፕ ውስጥ የሚያቃስት ነገር ሰማና ለፎርማኑ ተናገረ። ፎርማኑ «ፓምፑን ምጥ ይዞታል፤ አዋላጅ ጥሩለት!» ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀበት። በሳምንቱ ያው ድምፅ ሲመለስ አለልኝ አፉን ዘጋ። በዚያው ቀን የፓምፑንና የሞተሩን ዘንግ የሚያያይዘው ማገናኛ ተበጥሶ ተስፈነጠረና ሐብተማርያም የሚባለውን የሥራ ጓደኛውን ቀኝ ክንድ ሰባበረው። ክንዱ ዳግመኛ አልታጠፈም። አለልኝ ቀድሞ መስማቱን ለማንም ሳይናገር፣ ለሚስቱ ለሩት እንኳ ሳይተነፍስ ስንት ዘመን ኖረ።

አሜሪካ ከገባ በኋላ መጋዘን ሠራ፤ ዘጠኝ ዓመት ከኤርፖርት ታክሲ ነዳ። ጉልበቱ መሪ ሥር መቀመጥ ሲያቅተው በሃምሳ አንድ ዓመቱ ኮሌጅ ገብቶ፣ ልጆቹን ከሚያካክሉ ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ የመሣሪያ ቁጥጥር ሰርተፍኬት ያዘ። ኒው ሆፕ የተቀጠረው በዚያ ሰርተፍኬት ነው። አራተኛ ዓመቱን ይዟል።

የዚያ ሰሞን የደሴቲቱ ጣቢያ ራስ ምታት ሆኖባቸው ነበር። ለአንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ይበቃው የነበረው ወደ ሦስት ተኩል ወጣ። ኮምፒውተሩ ማጣሪያዎቹ ቆሽሸዋል አለ። ታጠቡ። ፍጆታው ንቅንቅ አላለም። እንደገና ይታጠቡ አለ።

አለልኝ በዚያው ማክሰኞ ስልኩን አንሥቶ ለጣቢያው ሽፍት ኃላፊ፣ ለዴዝመንድ ደወለ። ዴዝመንድ ሳቂታ፣ ወሬኛ ሰውዬ ነው፤ ያለ ቀልድ ስልክ አይዘጋም።

«ሦስተኛው እንደቆመ ነው» አለ። «የሞተሩ መቆጣጠሪያ ካርድ ተቃጥሎ መለዋወጫ እየጠበቅን ነው። ገመዱ ተነቅሏል። አሮጌው አዳራሽ ውስጥ ለብቻው ነው ያለው፤ በሩም ተቆልፏል።»

«ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

ከዴዝመንድ ጀርባ የባሕር ወፎች ይሰማሉ። «ለምን እንዲህ ብለህ ጠየቅኸኝ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ድምፅ ሰምቼ ነው።»

«የምን ድምፅ?»

አለልኝ አመነታ። «የትንፋሽ።»

የዴዝመንድ ድምፅ ስልኩን ወደ አፉ ያስጠጋ ሰው ድምፅ ሆነ። «የምታጸዳው ሴት እዚያ መግባት ካቆመች ሰነበተች። በሩ ላይ ቆማ ‹ማነው?› ብላ ጠይቃ ነበር አሉ። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ብቻዬን አልገባም።»

«ታዲያ መዝገቡ ላይ ለምን አልጻፋችሁም?»

«ምን ብለን? የቆመ ፓምፕ ይተነፍሳል ብለን?» አለና፣ ያለ ቀልድ ስልኩን ዘጋ።

አለልኝም ለማንም አልተናገረም። ረቡዕም ሐሙስም ሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚከፍተው ሦስተኛውን መስመር ሆነ። ትንፋሹ አለ። መምታቱም አለ፤ አንዳንዴ ሦስቴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ፣ ከዚያ እንደሚጠብቅ ሰው ፋታ ይሰጣል። አንዴ ሳያስበው በጣቱ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ መታ። ከማዳመጫው ውስጥ ወዲያው ሦስት ጊዜ ተመታ። እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ጭኑ ሥር ደበቀው። አጋጣሚ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ግን ያን ቀን ዳግመኛ አልከፈተውም።

አርብ ጠዋት ቁርስ ላይ ሩት ሹካዋን አስቀመጠችና አየችው።

«አንተ፣ ምንድነው የምትደበድበው?»

«ምን ደበደብኩ?»

«ጠረጴዛውን ነዋ! ትናንትም ተኝተህ ግድግዳውን ስትመታ ነበር። ልጁ ‹ዳድ ኢዝ ኖኪንግ› ብሎ መጣብኝ።»

ያኔ ነው፣ ከጋብቻቸው በሃያ ስድስተኛው ዓመት፣ የሐብተማርያምን ክንድ ነገር ያወጣላት። ሩት አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ጃኬቱን አቀበለችውና «ሂድና ዛሬውኑ ንገራቸው። ቢስቁብህስ ምን ትሆናለህ?» አለችው።

ቢሮ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ አዲስ ነገር ተጽፎ አገኘ። ካርዱ ደሴቲቱ ገብቷል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሞተሩን አገናኝቷል፤ ሦስተኛው ፓምፕ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በራሱ ይነሣል። እንዲነሣ የወሰነው ኮምፒውተሩ ነው፤ ሦስቱ ሥራውን ቢካፈሉት መብራት ይቆጠባል ብሎ።

አለልኝ በቀጥታ ወደ ሜቲ ሄደ። ሜቲ የፕሮግራሙ ኢንጂነር ናት፤ ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ የምትናገር፣ አማርኛን ከጎረቤት የለቀመች የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ።

«ሜቲዬ፣ ሦስተኛው ድምፅ አለው» አላት።

«ጋሼ፣ የቆመ ፓምፕ እኮ ነው። ሲስተሙ የቆመውን ቻናል ኢግኖር ያደርገዋል። የሚመጣ ነገር ቢኖር እንኳ የሴንሰር ኤረር ነው።»

«አንዴ ብቻ ስሚው።»

ፈገግ ብላ ማዳመጫውን ደፋችው። ፈገግታው ፊቷ ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጠፋ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ሳይሆን በሩን አየች።

«ጋሼ… ሰው አለ እዚያ ውስጥ» አለች በሹክሹክታ።

«እኔም እንደዚያ ነው የሚሰማኝ። እስቲ የዋናውን ቧንቧ ግፊት ከዚህ ድምፅ ጋር ደርበሽ አሳዪኝ።»

ደረበችው። ሁለት መስመር ወጣ። ትንፋሹ በወጣ ቁጥር የዋናው ቧንቧ ግፊት በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ሲቆም ተመልሶ ይወጣል። አንዱም አይስትም። አለልኝ መስመሮቹን በጣቱ ተከተለ።

«ውኃው ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው» አለ። «ሁለቱ ፓምፖች ገፍተው ከሚያወጡት ላይ የተወሰነው በሦስተኛው በኩል ይመለሳል። ውኃ እንዳይመለስ የሚዘጋው ቫልቭ አልዘጋም፤ የሚመታውም የእሱ ክዳን ይሆናል። ሜቲዬ፣ ያ ፓምፕ አልቆመም። ወደ ኋላ እየዞረ ነው።»

«ወደ ኋላ እየዞረ ስታርት ከተደረገ…»

«ዘንጉ ይበጠሳል።»

ሰዓቱን አዩ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። አለልኝ ዴዝመንድ ጋ ደወለ። አያነሣም። ጣቢያው ቢሮ ደወለ። የተቀበለችው ልጅ «ዴዝመንድ አሮጌው አዳራሽ ገብቷል፤ ፓምፑ ሲነሣ ቆሞ ሊያይ» አለች።

«አስወጪው! ሮጠሽ ጥሪው!»

ሜቲ ፕሮግራሙን ለማስቆም ሞከረች። የማናጀር ፈቃድ ጠየቃት። ማናጀሩ አውሮፕላን ላይ ነበር። አለልኝ በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀይ ምልክት አሳያት።

«የሦስተኛው የድንገተኛ ማቆሚያ አለ አይደል? እሱን ተጫኚው።»

«ጋሼ፣ ስህተት ከሆነ ሦስተኛው ለግማሽ ቀን አይነሣም፤ የደሴቲቱ ውኃ ያጥራል። ሁለቱንም ያባርሩናል።»

«ያዘዘኝ አለልኝ ነው ብለሽ በስሜ ጻፊው። ተጫኚ!»

ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ የነበረው ቁጥር አራት ደቂቃ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ዴዝመንድ በሞባይሉ ደወለ፤ ተናዷል። «ማነው ያስቆመው?»

«የዘንጉን መከለያ ክፈትና እይ» አለው አለልኝ። «እጅህን እንዳታስገባ። ከጎን ሆነህ በባትሪ ብቻ እየው።»

ቡሎን ሲፈታ ተሰማ። መከለያው ወለል ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ ትንፋሹ በስልኩ ውስጥ፣ ያለ ሴንሰር፣ እንዳለ ወደ ኒው ሆፕ መጣ። ሜቲ የአለልኝን እጅጌ ያዘች።

«እየዞረ ነው» አለ ዴዝመንድ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል። «መብራት አልተሰጠውም። ማንም አልነካውም። ቀስ እያለ… ወደ ኋላ እየዞረ ነው።»

ሰዎቹ በማግሥቱ ዋናውን ቧንቧ ዘግተው ሲከፍቱት፣ የቫልቩ ክዳን በጨው ተበልቶ ከቦታው ተንጋድዶ ተገኘ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የእጅ መዝጊያም፣ «ተዘግቷል» የሚል ምልክት ላዩ ላይ እያለ፣ በውስጡ ግማሽ መንገድ ላይ ደርቆ ቀርቶ ነበር። ሁለቱም ተቀየሩ። በሳምንቱ ፍጆታው ከሦስት ኪሎዋት ሰዓት በታች ወረደ። ማናጀሩ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ዴዝመንድ ከዘንጉ ስንት እርምጃ ላይ ቆሞ እንደነበር በፎቶ ሲያይ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የቆሙ ፓምፖች መስመር እንዳይታፈን ተወሰነ። ማዳመጡም የአለልኝ ሥራ ሆኖ ተጻፈ።

ሜቲ ግን አልተዋጠላትም። የተቀመጠውን የድሮ ቅጂ ወደ ኋላ እየመለሰች ብዙ ቀን አዳመጠች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አለልኝን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«አሥራ አራት ወር» አለች። «ሦስተኛው በቆመ ቁጥር ትንፋሹ አለ፤ መጀመሪያ ላይ ደካማ፣ በየወሩ እየበረታ። ፍጆታው የጨመረውም በእነዚያ ቀኖች ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እዚሁ ክፍል ድረስ እየመጣ ነበር፤ እኛ ደግሞ ዘግተነው እዚሁ ተቀምጠን ምሳ እንበላለን።»

«ቀደም ብዬ መናገር ነበረብኝ» አለ አለልኝ። «ሦስት ቀን አፍኜ ይዤዋለሁ።»

ሜቲ ኮቷን አነሣችና ስኔሊንግ ጎዳና ወርደው እንዲበሉ ጋበዘችው።

ዴዝመንድ በመጋቢት መጀመሪያ ደወለ። ስለ አየሩ፣ ስለ ዓሣው አወራ፤ ቀልዱ ተመልሶለታል። መጨረሻ ላይ ግን ዝግ አለ።

«የምታጸዳው ሴት አሁንም አልገባም ብላለች» አለ። «ቫልቭ ነበር ብዬ አሳየኋት፤ አሮጌውን ክዳን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ‹እሱ የሚመታው ነው፤ የሚተነፍሰውን አሳየኝ› አለችኝ።»

«ውኃው እኮ ነው የሚተነፍሰው።»

«ነገርኳት። ዛሬ ሦስተኛው ለእረፍት ቆሟል። እኔ በሩ ላይ ነኝ። አንተ ጋ ምን ይሰማል?»

አለልኝ መስመሩን ከፈተና ማዳመጫውን በአንድ ጆሮው፣ ስልኩን በሌላው ያዘ። ጠበቀ።

«ምንም» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ምንም የለም ዴዝመንድ። ጸጥ ብሏል።»

«እሺ» አለ ዴዝመንድ። ስልኩን ግን አልዘጋም። አለልኝም አልዘጋም፤ ሁለቱም እንደያዙት ለረጅም ጊዜ አዳመጡ።