በጥቁር የታጠረው ስም

የጋዜጣው አራሚ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሕግ አልሻሩም፤ የሟች ስም ቤተሰቡ ሳይሰማ አይታተምም። ሪፖርተሩ ቢምል ቢገዘት፣ ፖሊስ በማኅተም ቢልክ፣ ራሳቸው ደውለው ከዘመድ አንድ ሰው ካላናገሩ ስሙን በወፍራም ጥቁር መስመር ያጥሩታል። የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ጽሑፍ የማንበብ ጊዜ የላቸውም፤ ጥቁር ክፈፍ ካዩ ግን ገጹን ያቆማሉ። «እትዬ አጥረውታል» ከተባለ ዋና አዘጋጁም ቢሆን አጥር አይዘልም ነበር።

ጋዜጣው ከዕለታዊ ወደ ሳምንታዊ ሲወርድና ዜናው ወደ ስልክ ሲዞር፣ ከስድስቱ አራሚዎች እሳቸው ብቻ ቀሩ። ድረ ገጽ ክፍል አስቀመጧቸው። ግድግዳው ላይ ስንት ሰው እያነበበ እንደሆነ የሚቆጥር ትልቅ ስክሪን አለ፤ ቁጥሩ ሲወርድ ክፍሉ ሁሉ ፊቱ ይወርዳል። ፊት ለፊታቸው የድረ ገጹ ኃላፊ ይቀመጣል፤ የመንታ አባት ነው፣ በአንድ እጁ እየበላ በሌላው የሚጽፍ፣ ቢሮው «ጥይቱ» የሚለው።

«እትዬ፣ እርስዎ አንብበው እስኪጨርሱ ዜናው ጡረታ ይወጣል» ይላቸዋል።

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። አንተ ደግሞ መልቀሚያም የለህ።»

አዲሱ ሲስተም ሲገባ የአሠራር መመሪያው ለእርማት የተሰጠው ለእሳቸው ነበር። ከአሥራ አራት ገጽ ሃያ ሦስት ግድፈት ለቅመው፣ ወረቀቱን በቀይ አጥለቅልቀው መለሱት። ገጽ ዘጠኝ ላይ «በክፈፍ የገባ ጽሑፍ አስቸኳይ ተብሎ በየሩብ ሰዓቱ ወደ ደንበኞች ሁሉ ስልክ በራሱ ይላካል» ይላል። «አስቸኳይ» የሚለው አንድ ፊደል ጎድሎት ነበርና ሞሉለት። ፊደሉን አዩ፤ የሚለውን አላዩም። የአራሚ ዓይን በሽታው ይህ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ከድልድይ ወደቀ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሪፖርተሩ ከቦታው ላከ። ሁለት ሰው ሞቷል፤ አንዱ ሾፌሩ ነው፤ ትራፊክ ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን ከሟቹ ላይ አግኝቷል። ስሙ ከነአያቱ ተጽፏል። እትዬ ከአውቶቡስ ድርጅቱ የሾፌሩን ሚስት ስልክ ተቀብለው ደወሉ፤ ተይዟል። እንደ ልማዳቸው የሾፌሩን ሞት የሚናገረውን አንቀጽ መረጡና የክፈፉን ምልክት ተጫኑ። ጥቁሩ መስመር ዙሪያውን ገጠመ።

«ይህቺን እንኳ አልነጠቁንም» አሉ ደስ ብሏቸው።

ለዘጠኝ ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ጥይቱ ከስክሪኑ ቀና አለ።

«እትዬ፣ የሾፌሩን ሞት ማን አረጋገጠው?»

«ማንም። ለዚያ አይደል ያጠርኩት?»

የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። «ያጠሩት ማለት... ክፈፍ ውስጥ አስገቡት?»

«አዎ። እስካጣራ እንዳትነኩት ብዬ።»

«የኔ እናት፣ ክፈፍ ማለት ላከው ማለት ነው! ዘጠኝ ሲሞላ ለሁለት መቶ ሺህ ሰው ይሄዳል!»

ሊሰርዘው ሞከረ፤ ሲስተሙ አልቀበልም አለ። ወረፋ የገባ አስቸኳይ ዜና የሚሰረዘው በዋና አዘጋጁ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ዋና አዘጋጁ ደግሞ አምስተኛ ፎቅ ስብሰባ ላይ ነው፤ ስልኩን ዘግቷል። ጥይቱ ሊፍቱን አልጠበቀም፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

እትዬ የሚስትየዋን ቁጥር ደገሙ። ተይዟል። የግድግዳው ሰዓት አራት ደቂቃ ቀረኝ ይላል። ደገሙ። ተይዟል። ቸኩለው አንዴ ቁጥር ሳቱ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር ጠራ።

«ሃሎ?» አለች አንዲት ሴት፤ ከኋላዋ ውኃ ይወርዳል።

«እህቴ፣ ከጋዜጣው ነው የምደውለው። ቧንቧውን ዝጊና ስሚኝ። ባለቤትሽ የሚነዳው አውቶቡስ አደጋ ደርሶበታል።»

ውኃው ቆመ።

«ሞቷል የሚል ወሬ መጥቶልናል። እውነት ይሁን አይሁን አናውቅም። አሁን ግን ስልክሽ ላይ ሞተ የሚል ዜና ሊገባ ነው። እንዳታምኚው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አልገባኝም። ካላወቃችሁ ለምን ጻፋችሁ?»

እትዬ በሠላሳ አንድ ዓመት ያልተጠየቁት ጥያቄ ነበር። «ስልኩን አትዝጊው፤ ቁስለኞቹ የተወሰዱበትን ሆስፒታል እየጠየቅኩ ነው» ብቻ አሉ፤ በግራ እጃቸውም የቢሮውን ስልክ አንስተው መደወል ጀመሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። በክፍሉ ያለው ስልክ ሁሉ በአንድነት ጮኸ። በቀኝ ጆሯቸው በኩልም ያው ድምፅ መጣ።

«ገባ» አለች ሴትየዋ። «ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ...»

«አታንብቢው! እኔ ጋ ቆዪ።»

በግራ ጆሯቸው አንዲት ነርስ መዝገብ ታገላብጣለች። ቀስ ትላለች። «ስሙን ይድገሙልኝ።» ደገሙላት። «አያቱንስ?» ነገሯት። ጥይቱ እያለከለከ ተመለሰ፤ ዋና አዘጋጁ ከኋላው አለ።

«አለ» አለች ነርሷ። «አሁን ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። ክንዱና ጎድኑ ተሰብሯል፤ ሲመጣ ግን ሲያወራ ነበር። ጃኬቴን ለሞተው ሰው አልብሼዋለሁ፣ መንጃ ፈቃዴ ኪሱ ውስጥ ነው እያለ ሲጨቀጭቀን ነበር።»

እትዬ ወደ ቀኙ ስልክ ዞሩ። «ልጄ፣ በሕይወት አለ። ክንዱን ተሰብሯል። ሆስፒታሉን ልንገርሽ፣ ጻፊ።»

«እስክሪብቶ አጠገቤ የለም» አለች። «ይንገሩኝ፣ በቃሌ እይዘዋለሁ።»

ዋና አዘጋጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ተመስገን። በሉ፣ አንቀጹን ዝም ብላችሁ ቀይሩት። ሌላ ግርግር አያስፈልግም።»

«ሞቱን በደወል ነግረን መኖሩን በሹክሹክታ?» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ለሁለት መቶ ሺህ ሰው ተሳስተናል ብለን? ያንን ያነበበ ነገ ያምነናል? ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጠየቃል። የእርስዎን ወንበር ለማንሳት ሰበብ የሚፈልግ እዚህ ፎቅ ላይ ሞልቷል።»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስለዚህ አፋፉ ድረስ ሄደን እንመልሳለን። ዘመዶቹስ? እኔ የደወልኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዋና አዘጋጁ ጥይቱን አየው። ጥይቱ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እትዬ ገፋላቸው። ሦስት መስመር ጻፉ። ሾፌሩ በሕይወት አለ፤ ያልተጣራ ዜና የላክነው እኛ ነን፤ ቤተሰቡን ይቅርታ እንጠይቃለን። አንዴ ለፊደሉ፣ አንዴ ለሚለው አነበቡት። ከዚያ በገዛ እጃቸው በጥቁር አጠሩት። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኮቹ እንደገና ጮኹ።

ለጥፋቱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ ሁለት ቃል አርመው ፈረሙ። ጥይቱም ሲስተሙን አስለወጠ፤ አሁን ክፈፍ የገባ ነገር ሁለት ሰው ካልለቀቀው ከቦታው አይነቃነቅም።

በሳምንቱ የእትዬ ስልክ ጠራ።

«እኔ ነኝ፣ የሾፌሩ ሚስት። ነገ ውኃ ይቋረጣል ይላል ስልኬ። እውነት ነው ወይስ እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«ሰውየው እንዴት ነው?»

«አልጋ ላይ ሆኖ ይህን አምጪ ያን አምጪ እያለ ያዘኛል። ይልቅ ውኃውን ይንገሩኝ፤ ልቅዳ ወይስ ልተወው?»

«ቆይ፣ ጠይቄ ልደውልልሽ» አሉና የውኃ መሥሪያ ቤቱን ቁጥር መፈለግ ጀመሩ።