ቅቤ የጠጣችው መኪናዬና የጅቡቲው ዘይት

ሐሙስ፣ ከኮልፌ እስከ አዋሽ

ሞተሯ በአንድ ቁልፍ ተነሣች! ደስ ስላለኝ መጀመሪያ እሱን ጻፍኩ። ጣሊያን ሲሸሽ የጣላት የእሽቅድድም መኪና ናት፤ ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያ የሌላት። ዘጠኝ ዓመት ጓሮዬ ውስጥ ስፈታ ስገጥም ኖርኩ። ካርቡራቶሯን ሁለት አደረግሁት፣ ፒስተኗን በትልቅ ለወጥኩ፣ ከኋላ የሁለት ሰው አግዳሚ ቀጠልኩባት። ሰፈሩ አበደ ይለኛል። ይበል።

እሑድ ልጄ አስካለ ጅቡቲ ላይ ታገባለች። እዚያ ሐኪም ቤት አስታማሚ ናት። የሙሽራው ወገን መኪና ሊከራይ ሲል፣ «ተዉት! ልጄን ከአክስቷ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ነኝ፣ በራሴ መኪና» ብዬ ጻፍኩ። እንግዲህ ሞተሯ እንቢ ካለች ሙሽራዋ በዚያ ፀሐይ በእግሯ ልትሄድ ነው።

ባለቤቴ በላይነሽ «በዚች ነገር ተሳፍሬ አልሞትም» ብላ ማክሰኞ በባቡር ቀድማናለች። ለሰርጉ ያነጠረችውን ቅቤ ግን በዘይት ቆርቆሮ ሞልታ ለእኛ ተወችልን። እኛ ማለት እኔና ሙዘይን ነን። ሙዘይን ጎረቤቴ ነው፣ ኮልፌ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ለመንገዱም ከሱቁ አንድ ቆርቆሮ የሞተር ዘይት ይዟል። ዕድሜው ከእኔ በግማሽ ያንሳል፣ አፉ ግን አያንስም።

«ጋሼ፣ እኛስ መኪናዋን ከዚሁ ባቡር ላይ ብንጭናት ምናለ?» አለኝ ገና አቃቂ ሳንደርስ።

«የሠራሁት መኪና ነው፤ ሻንጣ አይደለም!»

ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት። ናዝሬት ላይ ብርቱካን ገዛን፤ ሻጩ መኪናዋን ሲያይ ሁለት መረቀልን። መተሐራ ጋ መንገዱ ቀጥ ሲል ረገጥኳት። የሙዘይን ቆብ በረረ። ተመልሰን ፈልገን አጣነው፤ ሳቃችን ግን አላቆመም። አዋሽ አደርን።

ዓርብ፣ ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ

ገና ጠዋት ነው፣ ብረቱ ግን አይነካም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣሁ፤ ጎድሏል። ሙዘይን ቆርቆሮውን አቀበለኝ። እኔ ዘይት በዓይን አላምንም። የኮልፌ መካኒክ ዘይት የሚያውቀው በሁለት ጣቱ አሽቶ ነው። አሸሁት። ልስልስ ያለ፣ ወርቅ የመሰለ።

«እንዲህ ያለ ዘይት ከየት አመጣህ?»

«ከሱቄ ነዋ!» አለ ኮራ ብሎ። ቀዳንላት።

አሰበ ተፈሪ ዳገቱን ስንያያዘው ከኋላችን ነጭ ጭስ ተነሣ። አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆምን። ባለ ሻይ ቤቷ ማማሰያ ይዛ ወጣች።

«በዓርብ ምድር ቅቤ የሚያነጥረው ማነው? ክርስቲያን አይደላችሁም?»

«እኔስ እስላም ነኝ» አለ ሙዘይን፤ «መኪናዋ ግን የጋሼ ናት።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሮጬ ከኋላ ያለውን ሌላውን ቆርቆሮ ከፈትኩት። ጥቁር የሞተር ዘይት፣ እስከ አፍ ገደፉ። የልጄን የሰርግ ቅቤ አጠጥቻታለሁ! ሽታውስ እንዳትሉኝ። መኪናዋ ከኮልፌ ጀምሮ ቅቤ ቅቤ ስትል ነበር፤ እኔንም ሌሊቱን ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ተደፍኗል።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ጾም ገደፈች» አለ ሙዘይን፣ መሬት ላይ ተቀምጦ። ሴትዮዋ ማማሰያዋን ጥላ ሳቀች። እኔም ልቆጣ አፌን ስከፍት ሳቅ ወጣ።

ሥራው ግን ሥራ ነው። የታችኛውን ቡሎን ፈትተን ሁሉንም አፈሰስን፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መጣ። የያዝነውን ዘይት ጨመርን፤ ግማሽ አልሞላም። የዘይት ግፊት መለኪያው መርፌ ወርዶ ተኛ። በዝግታ፣ ቁልቁለቱን እያሳረፍናት፣ ማታ ድሬዳዋ ገባን። ሱቅ ተዘግቷል። ከድሬዳዋ ወዲያ ያለው ደግሞ ለዝቅተኛ መኪና መንገድ ስላልሆነ ባቡር ላይ ጫንናት። ሙዘይን «ሻንጣችን ገባች» አለ።

ቅዳሜ፣ ጅቡቲ

በላይነሽ ጣቢያው ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«ቅቤዬስ?»

«መኪናዋ...»

«መኪናዋ ምን?»

«ጠጣችው» አለ ሙዘይን።

«እሺ» አለች። «ነገ ልጄን ካላደረሰች አንተን ነው የማነጥርህ።»

ወደብ አጠገብ ሳሊም የሚባል የመን ሰው የዘይት ሱቅ አለው፤ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዘይት አላየሁም። እንደ ልጅ ከጫፍ ጫፍ ዞርኩ።

«ከሁሉ ወፍራሙን ስጠኝ» አልኩት። «ሙቀት ነው፣ ሞተሯ አሮጌ ናት፣ ፒስተኗንም በትልቅ ለውጫለሁ።»

«አባቴ፣ ወፍራሙ ጠዋት ሲያስነሷት ዘንጉ የሚሽከረከርበት ብሮንዚና ጋ ቶሎ አይደርስም። ብረት ብረት ይበላል።»

«ቀጭኑስ?»

«እሱ የአዲስ መኪና ነው። የእርስዎ ፒስተን ትልቅ ነው፣ በዚህ ሙቀት እንደ ውሃ ይሆናል።»

«ስለዚህ መካከለኛውን ልትሸጥልኝ ነው!»

«እኔ ምንም አልሸጥኩም። እርስዎ ይምረጡ።»

ይሄ ሰው ገባኝ። የቆርቆሮ ክዳን አምጣ አልኩት፤ ፀሐይ ላይ አስግለን አዘነበልነው። ከሦስቱም አንዳንድ ጠብታ ጣልኩ። ቀጭኑ ሮጦ መሬት ወረደ፣ ምንም አልተወም። ወፍራሙ ከመጣበት ንቅንቅ አላለም። መካከለኛው ቀስ ብሎ ወረደ፣ ኋላውም እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ሽፋን ተወ። በጣቴ ላሸው ስል ሙዘይን እጄን ያዘው።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት! ጣትዎ አንዴ አሳይቶናል።»

እውነቱን ነው። መካከለኛውን ገዛሁ። ሳሊም የቅቤውን ወሬ ሰምቶ ርካሽ ዘይት በነጻ ጨመረልኝ፤ «የቅቤው ርዝራዥ እንዲወጣ በዚህ ሁለት ጊዜ ይጠቧት፣ ካልሆነ አዲሱን ያበላሸዋል» ብሎ። ሁለት ጊዜ አጠብናት። መልካሙን ቀዳን። መርፌው ቀና ሲል ሳሊምን ሳምኩት፤ ጢሙ ይዋጋል።

እሑድ ጠዋት፣ ጅቡቲ

ሚዜዎቹ በር ላይ እየተገፉ፣ ሴቶቹ «አናስገባም» እያሉ፣ አስካለ ነጭ ለብሳ ወጣች። እሷና ሙሽራው አግዳሚዬ ላይ፣ በላይነሽ አጠገቤ። አዎ፣ በላይነሽ! «አንተን መጠበቅ አለብኝ» አለች፤ ፈርታ እንደነበር ግን አልናገርም።

ቁልፉን አዞርኩ። ኡፍ! ተነሣች። ጭስ የለም፣ ማንኳኳት የለም። በባሕሩ ዳር ነዳኋት፤ ነፋሱ ጨው ጨው ይላል፣ የመርከብ ሰዎች ቆብ እያወለቁ ይጮኻሉ፣ የአስካለ ቬሎ ከኋላችን እንደ ባንዲራ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ታየ። ቄሱ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። እግሬን ከነዳጁ ላነሣ ስል አስካለ ትከሻዬን ያዘች።

«አባባ፣ አንድ ዙር ጨምርልኝ።»

«ቄሱ ቆመዋል'ኮ!» አለ ሙሽራው።

መርፌውን አየሁ። ቀጥ ብሏል። በላይነሽን አየሁ። ሻሿን አጥብቃ አሠረች።

«ምን ታየኛለህ?» አለች። «ንዳ!»

ቄሱን በእጄ ሰላም ብዬ አለፍኳቸው።