አባቴን ያስጠናሁት ሁለት ስንኝ

በፎገራ ክረምቱ ሲወጣ፣ ወንዙ የተፋው ደለል የድንበር ድንጋዮችን ቀብሯቸው ይገኛል። በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል ድንጋዩ የት እንደተቀበረ የሚያውቀው አባቴ ነበር። ደለሉን በዱላው ወጋ ወጋ ያደርግና "ቆፍሩ" ይላል፤ ይገኛል። ጎረቤታሞች ሲጣሉ የእሱ ቃል ይበቃቸው ነበር።

አንድ ዓመት በበጋው ከወረታ አንዲት ነርስ መጣች። አዛውንቱን ሁሉ፣ ደህና የሚመስሉትንም ጭምር እየጠየቀች፣ የመርሳት ሕመም የጀመራቸውን ትለያለች ተባለ። ሽማግሌዎቹ "ጃጆ ቆጣሪ" አሏት። ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት፣ "ልጄ፣ የረሳሁትን ካወቅሁትማ ምኑን ረሳሁት?" ብለው ሳቁባት። ሳቃቸው ግን ፍርሃት ነበረበት። ዓይኑ የደከመውን ሰው ይመሩታል፤ ጃጀ የተባለውን ግን ከዚያ በኋላ ማን ይሰማዋል?

እኔም ፈርቼ ነበር። ያን ሰሞን አባቴ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የታረደውን በሬ "ምነው ዛሬ አልገባም?" ሲል ሰምቼዋለሁ።

ነርሷ ለሁሉም ሦስት ቃል ትሰጣለች፤ ማጭድ፣ ሎሚ፣ ደወል። ትንሽ ቆይታ መልሳ ትጠይቃለች። ቃላቱን ከጎረቤት ሰማሁ። ያኔ ባገኘሁት ወረቀት ሁሉ ላይ ግጥም የምጭር፣ ጎበዝ ነኝ ባይ ነበርሁ። ገጥሜ አባቴን አስጠናሁት፤

ማጭድ ይዞ ወጣ ሎሚ ልጨድ ብሎ፣
ደወሉን ሲሰማ ተመለሰ ቶሎ።

"ሎሚ የሚታጨደው የት አገር ነው?" አለኝ።

"አባየ፣ ግጥም እኮ ነው!"

ነርሷ ስትጠይቀው ስንኞቹን እንዳሉ አወረደላት፤ እዚያው የገጠማቸው መሰላት። "አባባ፣ እርስዎማ እኔንም ያስተምሩኛል" ብላ ስሙን ከደህናዎቹ ጋር ጻፈች። "ወረታ መጥታችሁ ታዩ" የተባሉት ሁለት ሽማግሌዎች አሳዘኑኝ። እኔ ኮራሁ።

በተከታዩ ጥቅምት ውኃው ሲሸሽ ሁለት ወንድማማቾች ለድንበር ጠሩት። ዱላውን ተክሎ "ቆፍሩ" አለ። ቆፈሩ፤ የለም። ሌላ ቦታ ተከለ፤ የለም። "እንግዲያውስ ድንጋዩን ያወጣው ሰው አለ። ድንበሩ ይኸ ነው" አለ።

ታናሽየው፣ "ወንድሜ ምን አጎረሰህ?" አለው።

ሰው አባቴን "አንተ" ሲለው መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አባቴ በሚካኤል ማለ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። "ረስቶ ነው" ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥሁት።

ሰኔ ላይ ሲታረስ ድንጋዩ ታናሽየው ባለው በኩል ወጣ። ከዚያ ወዲያ አባቴን ለድንበር የጠራው የለም። ብዙም ሳይቆይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የገዛ በሩን ሳያውቀው ማለፍ ጀመረ። ሰውም፣ "ሚካኤል ቀጥቶት ነው፤ በሐሰት ምሎ" አለ። መርሳቱ ከመሐላው በፊት እንደጀመረ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። በመጨረሻ ደፍሬ ብናገር፣ "ነርሷ ደህና ነው ብላ የለም እንዴ?" አሉኝ።

ኋላ ስሜንም ረሳ። ስንኞቹን ግን አልረሳም። ከሩዝ ማሳው ዳር ተቀምጦ ይደጋግማቸውና ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንተ ሰውየ፣" ይለኝ ነበር፣ "ሎሚ የሚታጨደው የት አገር ነው?"