የጎረቤቴ አማት የጨረሱት ድራማ

ሚሌኒየሙ በገባ ሰሞን፣ ጋሞ አገር ሴቻ ሰፈር ተከራይተን ስንኖር፣ በግቢው ቴሌቪዥን የነበረው እኔ ቤት ብቻ ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሁለት ጎረቤታሞችን ኑሮ የሚያሳይ ድራማ ይመጣ ነበር። ትወናው ያን ያህል አይደለም፤ አንዷማ ስታለቅስ እንባ የሚባል ነገር አይወጣትም። ቢሆንም አንድም ክፍል አያመልጠኝም።

አብረውኝ የሚያዩት ከጨንቻ የመጣችው ጎረቤቴና አማቷ ነበሩ። እማማ ከጋሞኛ ሌላ አይሰሙም። ምራታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ የተባለውን ሁሉ ታስተረጉምላቸዋለች፤ እኔ ደግሞ "ኧረ ቀስ በይ፣ አላሰማ አልሽኝ" እያልኩ እቆጣለሁ።

የሚያዝያ ዝናብ ሲመጣ ከጣሪያዬ የሚወርደው ውኃ የጎረቤቴን ግድግዳ አራሰው።

"አሸንዳሽን አዙሪልኝ" አለችኝ።

"ዝናቡን እኔ አልጠራሁት" አልኳት።

ተኮራረፍን። እኔ ደግሞ ካኮረፍኩ አኮረፍኩ ነው፤ ቀድሞ ሰላም ማለት በዘሬም የለ።

ቅዳሜ ሲደርስ እማማ ብቻቸውን መጡ። እሳቸው አማርኛ አያውቁ፣ እኔ ከጋሞኛ የማውቀው ሰላምታ ብቻ። የማይገባቸውን ድራማ ዝም ብለው ያያሉ፤ እኔ ላስረዳ ብዬ እጄን አወናጭፋለሁ። ቤቱ ጭር አለብኝ። ጎረቤቴ ናፍቃኛለች፤ ብሞት ግን አልናገርም።

አንድ ቅዳሜ የድራማው ሴቶች ተጣልተው፣ አንደኛዋ በሯን ድርግም አድርጋ ዘግታ ክፍሉ አለቀ። በሳምንቱ በሰዓቱ ዘፈን መጣ። በቀጣዩም ሳምንት ዘፈን። ድራማው ቀረ፤ ለምን እንደቀረ የነገረን የለም። እማማ ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኔን አዩ። "አለቀ" ብዬ እጄን አራገፍኩ። ገባቸው። ተቆጥተው ወጡ።

ወዲያው እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለሱና ደጄ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ሽማግሌ ለእርቅ ሳር ይዞ ከተንበረከከ እምቢ ማለት ነውር ነው። የወንዶች ሽማግሌዎች ወግ ነው፤ እማማ ግን ማንንም አልጠበቁም።

"በስመአብ! ይነሱ እማማ!" ብል አልነሳም አሉ። ጩኸቴን ሰምታ ጎረቤቴ እየሮጠች መጣች። አማቷን ስታይ ክው አለች።

"አሸንዳውን ነገ አዞረዋለሁ" አልኳት።

እሷም አቀፈችኝ። እማማ ያኔ ተነሱ፤ ጉልበታቸውን አራገፉና ገብተው የለመዱት ቦታ ተቀመጡ።

ጎረቤቴ ያመለጣትን ክፍል ጠየቀችኝ። ከመጀመሪያው እስከ በሩ መዘጋት ነገርኳት፤ እሷም ለአማቷ አስተረጎመች። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"'እንደሱ አይደለም' ይላሉ" አለች ጎረቤቴ። "'ያቺ ሴትዮ በሯን የዘጋችው ጠልታ አይደለም። ሌላዋ መጥታ እስክታንኳኳ እየጠበቀች ነው' ይላሉ።"

ዓይኔን እንባ ሞላው።

"እኔም ስጠብቅሽ ነበር" አልኳት።

እማማ ምን እንዳልኩ ጠየቁ። ይህቺን ግን አላስተረጎመችላቸውም።